እስከ ስድስተኛ ፎቅ

ለገሃር፣ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት፣
ጋሽ ዳምጤ ይሾፍራሉ፣ አንድ የደከመው ሊፍት።
በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው፣ ጣታቸው ከቁልፉ ሳይርቅ፣
በየቀኑ አንድ ጥያቄ፣ እስከ ስድስተኛ ፎቅ።

ሕጉ እንዲህ ነው፦
ጥያቄው ጠዋት ስንወጣ፣ መልሱ ማታ ስንወርድ፤
በመሃል የቤታቸው ወሬ፣ ሳይጠራ እንደሚመጣ ዘመድ።

"የቀጭኔ አንገት ስንት አጥንት አለው?" ሁለተኛ ፎቅ።
"ጥርሴን አስነቀልኩ ትናንት፤ ሐኪሙ ልጅ ነው፣ እጁ ግን ሊቅ።"
ሦስተኛ። አራተኛ። ስንቅነሽ ከሒሳብ ክፍል፦ "ሃያ!"
"አርባ!" "ሃምሳ!" ሰው ይጫረታል፣ ልክ እንደ በግ ገበያ።
ማታ፦ "ሰባት ብቻ። እኩል ነን፣ እኛና ቀጭኔ፤
እሷ አርቃ ታያለች እንጂ። ኪራይ የተጨመረው ግን በእኔ።"

በነሐሴ ዝናብ፣ ጃንጥላ በሚንጠባጠብበት ሳጥን፣
"ጳጉሜ ስድስት የምትሆነው፣ በየትኛው ወንጌላዊ ዘመን?"
"በማርቆስ" አልኩኝ ቸኩዬ። ራሳቸውን ነቀነቁ።
"ልጄ ውጤት ትጠብቃለች፤ የጣቶቿ ጥፍሮች አለቁ።"
ማታ፦ "በሉቃስ ነው። አንድ ቀን ታክላ ትመጣለች፣ ምርቃት።
እሷም በአንድ ነጥብ አለፈች! በአንድ! እሱው በቃት።"

አንዳንድ ቀን ትዕግሥት የላቸውም፣ ሁሉም አንድ ላይ ይፈስሳል፦
"ዘመን የማያበላሸው ምግብ? ማር! ጣሪያዬ ግን ያፈስሳል፤
ባልዲ ከባልዲ ደርድሬ ሌሊቱን ጠብ ጠብ ይለኛል፤
ድመቷም ሦስት ወልዳለች፣ ሁለቱን የሚወስድ ይኖራል?"

"ባሕር ውስጥ ሦስት ልብ ይዞ የሚዋኝ ፍጥረት ማነው?"
አሉ አንድ ሐሙስ። ቆየት ብለው፦ "የአስካለን ልብ ሐኪም አየው።
አንዷም ደክማለች አለኝ።" አምስተኛ ላይ በሩ ተከፈተ፤
ማንም አልወረደም። ማንም መልስ አልገመተ።

መብራት የሄደ ዕለት፣ በአራትና በአምስት መሃል ቆምን፤
አራት ሰው፣ አንድ ፌስታል ሙዝ፣ በስልክ ብርሃን ቢጫ ሆንን።
ጄኔሬተሩ ናፍጣ የለውም። ጋሽ ዳምጤ በጨለማው፦
"ቀኗ ከዓመቷ የሚረዝም ፕላኔት፣ የቷ ናት? ማነው የሚያውቀው?"
"ጁፒተር?" አለ ተላላኪው። ስንቅነሽ ሙዝ ላጠችለት።
"ቬነስ" አሉ። ማታ ሳይደርስ! ሕጉን ራሳቸው ጣሱት።
"ትናንት ጥቁር አንበሳ፣ ኮሪደሩ ላይ፣ አግዳሚ ይዤ ቁጭ ብዬ፣
ቬነስ ላይ ዋልኩ። 'አስካለ' ሲሉ ሮጥኩ፣ ኮፍያዬን ጥዬ፤
ሌላ አስካለ ናት።"
                    ሙዙን ተካፈልን።

ከዚያ አንድ ዓርብ ጠዋት፣ ተላጭተው፣ ሸሚዛቸው ተተኩሶ፣
"አስካለ ወጣች!" አሉን። "ጠባይዋም መጣ ተመልሶ፤
ሾርባው ጨው የለውም ብላ ጮኸችብኝ፤ እልል በሉ!"
በሩ ሊዘጋ ሲል፦ "ከግዕዝ አኃዞች የጎደለው የቱ ነው?" አሉ።

ማታ በርጩማው ባዶ ነበር። ሰኞም። የዘበኛው ቃል፦
"ጡረታ ነው።" ጽዳቷ ባንቺዓየሁ ግን፦ "ሚስታቸውን ይዘው አዳማ ወርደዋል።"

መልሱን ስልኬ ያውቀዋል። አልጠየቅሁትም።
ያ መልስ ከሌላ አፍ ሲወጣ አያምርበትም።

አሁን ቁልፉን ራሴ እጫናለሁ። ብቻዬን ስሆን፣ ለበርጩማው
የዕለቱን ወሬ አወራለሁ፦ "ቡታጋዝ ጠፋ፤ እህቴን ጠየቃት የባንኩ ሰው፤
ስንቅነሽ መነጽር ገዛች፣ አይታኝ አረጀሽ አለችኝ፤"
እያልኩ እወርዳለሁ። ከበሩ በላይ የሚበራውን ቁጥር
በጣቴ አየር ላይ፣ በግዕዝ፣ እየጻፍኩ፦

፮
፭
፬
፫
፪
፩

ምድር ቤት ስደርስ ጣቴ ቆመ፤ የሚጽፈው አጣ።
በሩ ተከፈተ። ሰው ሊገባ ቆሟል፣ እኔ ሳልወጣ።